ምክንያትና ማዕድ፦ ሥጋን የመተው የ2,500 ዓመት ታሪክ

ሥጋን ስለሚተዉ ሰዎች አብዛኞቻችን የምናውቀው በቁርጥራጭ ነው። ፓይታጎረስን ከሂሳብ ትምህርት፣ ጋንዲን ከነጻነት ትግል፣ የሐኪምን ምክር ከደም ግፊት ጋር እናያይዘዋለን፤ ዓቢይ ጾምንና ፍልሰታን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ለይተን ለብቻቸው እናስቀምጣቸዋለን። ቁርጥራጮቹ ሲገጣጠሙ ግን አንድ ረጅም ታሪክ ይወጣቸዋል። ሰዎች ሥጋን የተዉበት ምክንያት በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ ስለ ነፍስ መመላለስ፣ ስለ ገዛ ነፍስ መዳን፣ ስለ ጤና፣ ስለ እንስሳት ሥቃይ፣ ስለ ድሆች እህል፣ በመጨረሻም ስለ አየር ንብረት ተብሎ ተትቷል። ምክንያቶቹን መዘርዘር ቀላል ነው። ከባዱ፣ አንዳንዶቹ ከተናገራቸው ሰው ጋር ተቀብረው ሌሎቹ ለሺህ ዓመታት ለምን እንደኖሩ ማስረዳት ነው። ታሪኩ ሲመረመር ምክንያት የሚጸናው ማዕድ ሲያገኝ ሆኖ ይገኛል፤ ማዕድም ምክንያቱን ከረሳ ወይ ነፋስ የሚወስደው ልማድ ይሆናል፣ ወይ ሰውን ከሰው የሚለይ አጥር። ማዕድ ስንል ምግቡን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ አብሮ የሚበላው ማኅበር፣ ሙያውን የሚያውቀው ወጥ ቤት፣ የሚበላበትና የማይበላበት ቀን ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የነፍስ ጥያቄ፦ ከ6ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት

በሳሞስ ደሴት የተወለደው ፓይታጎረስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ530 ገደማ ወደ ደቡብ ኢጣሊያ ተሻግሮ በክሮቶን ከተማ ተከታዮችን አሰባሰበ። ነፍስ ከሰው ወደ እንስሳ፣ ከእንስሳም ወደ ሰው ትመላለሳለች ብሎ ያስተምር ነበር፤ ይህ እውነት ከሆነ በሬ የሚያርድ ሰው ምናልባት ዘመዱን እያረደ ነው። በግሪክ ከተሞች ሥጋ በአብዛኛው ከመሥዋዕት ጋር የተያያዘ ስለነበር ከሥጋው አለመካፈል ከከተማው ሕዝብ ማዕድ መለየት ነበር። የፓይታጎረስ ሰዎች ይህን ሊሸከሙ የቻሉት የራሳቸው ማኅበርና የራሳቸው ሥርዓት ስለነበራቸው ነው። እሱ ራሱ ሥጋን ፈጽሞ ትቶ እንደሆነ የጥንት ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ አልፎ አልፎ ይበላ ነበር ይላሉ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ማኅበሩ በፖለቲካ ጠላቶቹ ተጠቅቶ ሲበተን ልማዱም አብሮ ተበተነ። የቀረው ስሙ ነበር፤ አውሮፓ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሥጋ የማይበላን ሰው ፓይታጎራዊ እያለ ይጠራ ነበር።

በሕንድ የተነሳው ተመሳሳይ ሐሳብ ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። በማሃቪራ ትምህርት የተመሩት ጃይናውያን በማንኛውም ሕይወት ባለው ፍጡር ላይ ጉዳት አለማድረስን የሃይማኖታቸው ምሰሶ አደረጉት። መነኮሳቱ የሚኖሩት ምእመናን ከሚሰጧቸው ምግብ ስለነበር የመነኮሳቱ ሕግ በምእመኑ ምድጃ ላይ ታተመ፤ ሥጋ በማይገባበት ቤት የሚበሰለው ሁሉ ለልጅ ልጅ የሚወረስ ሙያ ሆነ። ቡድሃ በዚህ ረገድ ላላ ያለ ነበር። መነኩሴ ለእሱ ተብሎ መታረዱን ካላየ፣ ካልሰማና ካልጠረጠረ የተሰጠውን ሥጋ እንዲበላ ፈቀደ፤ ሥጋ ለሁሉም ይከልከል የሚለውን የመነኩሴውን የዴቫዳታን ጥያቄም አልተቀበለም። ለማኝ መነኩሴ የሰው ማዕድ እንግዳ እንጂ የራሱ ማዕድ ባለቤት እንዳልሆነ ያወቀ ይመስላል።

ጉዳዩን ከገዳም ወደ ቤተ መንግሥት ያመጣው አሾካ ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የካሊንጋን አገር በብዙ ደም ከያዘ በኋላ ተጸጽቶ፣ አዋጆቹን በአለት ላይ አስቀረጸ። ከነዚህ በአንዱ፣ ቀድሞ በቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት በየቀኑ እጅግ ብዙ ሺህ እንስሳት ይታረዱ እንደነበር፣ አሁን ግን ሁለት ጣዎስና አንድ አጋዘን ብቻ እንደሚታረዱ፣ አጋዘኑም ሁልጊዜ እንዳልሆነ፣ ወደፊት እነዚህም እንደሚቀሩ ይናገራል። እጅግ ሰፊ ግዛት የሚያስተዳድረው ንጉሥ የራሱን ወጥ ቤት በአንድ ጊዜ ሊለውጠው አለመቻሉን በአደባባይ መጻፉ ከአዋጁ ሁሉ የበለጠ ያስተምራል። ሥርወ መንግሥቱ ከእሱ በኋላ ብዙ ባይቆይም ሥጋን የመተው ልማድ በሕንድ አልጠፋም፤ ምክንያቱም ከአዋጅ ይልቅ በየቤቱ ማዕድ ላይ የቆመ ነበር።

ብቸኞቹ ፈላስፎች፦ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን

ሮም ውስጥ ምክንያቱ እየተሳለ ማዕዱ እየጠፋ ሄደ። ሴኔካ በወጣትነቱ ከመምህሩ ከሶቲዮን ሰምቶ ሥጋን ለአንድ ዓመት ያህል ተወ፤ አእምሮውም ቀልጠፍ ያለለት መሰለው። ነገር ግን በንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ ዘመን የባዕድ አምልኮዎች ይሳደዱ ስለነበር ከአንዳንድ እንስሳት ሥጋ መከልከል ብቻ ሰውን ያስጠረጥር ነበር። አባቱ ተው አሉት፤ እሱም ብዙ ሳይከራከር ወደ ቀድሞው ምግብ ተመለሰ። ይህን የጻፈው ራሱ ሴኔካ በእርጅናው ነው። በሮም ከነበሩት ጠንካራ አእምሮዎች አንዱ የሆነው ሰው ያመነበትን ነገር አንድ የአባት ቃል አስተወው፤ ምክንያቱ ስለተሸነፈ ሳይሆን ማዕዱ የአባቱ ስለነበረ።

ከእሱ በኋላ ፕሉታርክ ሥጋ መብላትን የሚወቅሱ ድርሳናት ጻፈ፤ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ፖርፊሪ ከእንስሳት ሥጋ ስለመከልከል አራት መጻሕፍት ያሉት ሥራ አዘጋጀ። እንስሳት ያስባሉ፣ ይሰማቸዋል፣ ስለዚህ ያለ አስፈላጊ ምክንያት እነሱን መግደል ግፍ ነው የሚለው ክርክሩ ከዛሬዎቹ ብዙም አይርቅም። መጽሐፉ የተጻፈው ለፊርመስ ነው፤ ፊርመስ የፖርፊሪ የትምህርት ወዳጅ ሲሆን ሥጋን ትቶ ከቆየ በኋላ መልሶ መብላት የጀመረ ሰው ነበር። ማለትም ጥንታዊው ዓለም ስለዚህ ጉዳይ ያወረሰን ትልቁ መጽሐፍ አንድ ያፈገፈገ ወዳጅን ለመመለስ የተጻፈ ነው። ፖርፊሪም ቢሆን ምክሩ ለእጅ ባለሙያ፣ ለወታደርና ለስፖርተኛ ሳይሆን ለፈላስፋ ብቻ እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው ተናግሯል። ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ምክንያት የብዙዎች ወጥ ቤት ሊሆን አይችልም፤ አልሆነምም።

ጾምና ውግዘት፦ ከ4ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን

በግብፅ በረሃ የተነሳው ምንኩስና ተቃራኒውን መንገድ ሄደ። እነ እንጦንስና ጳኩሚስ ስለ በጉ ሕይወት አልተከራከሩም፤ የሚጨነቁት የራሳቸውን ሥጋ ስለማድከም ነበር። ክርክር ባይበዛበትም ሥርዓቱ ጥብቅ ነበር፤ የሚበላበት ሰዓት፣ የሚበላው ዓይነት፣ አብሮ የሚበላው ማኅበር ሁሉ ተወስኖ ነበር። የጳኩሚስ ሥርዓት በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል፤ ጾም በኢትዮጵያ ምድር የያዘው መሠረት ከዚህ የበረሃ ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን በጾምና ሥጋን ፈጽሞ በመተው መካከል ገና ከጥንት መስመር አስምራለች። በ314 የተሰበሰበው የአንቂራ ጉባኤ፣ ሥጋ የማይበሉ ካህናት ቢያንስ እንዲቀምሱ አዟል፤ ከዚያ በኋላ የጋንግራ ጉባኤ ሥጋ የሚበላን ክርስቲያን የሚኮንኑትን አወገዘ። ፍርሃቱ ግልጽ ነበር፤ ማኒያውያን የተባሉት የሃይማኖት ወገኖች ቁስ ዓለሙን የክፋት ሥራ አድርገው ሲያዩ ሥጋ መተዋቸው የፈጣሪን ሥራ መናቅ ሆኖ ተቆጠረ። ስለዚህ ክርስቲያን ሥጋን የሚተወው መልካም ሆኖ ሳለ ነው፤ ፋሲካ ሲደርስም በደስታ ይመለስበታል።

በኢትዮጵያ ይህ ሥርዓት ከብዙው የክርስትና ዓለም ይበልጥ ሰፊ ሆነ። ለምእመናን ሁሉ የታዘዙት አጽዋማት፣ ረቡዕና ዓርብ ተጨምረው፣ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይይዛሉ፤ በነዚህ ቀናት ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተት፣ ቅቤና እንቁላልም አይበላም። ከዚህ ግዴታ የወጣው ወጥ ቤት የረቀቀ ነው፦ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ አዚፋ፣ ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ በኑግ ዘይት የተሠራ ጎመን። እናቶች ለልጆቻቸው ያወረሱት ይህ ሙያ በማንም ፈላስፋ ያልተሰበከ፣ በሚሊዮኖች ቤት ግን በየሳምንቱ የሚሠራ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ ግማሽ ቬጀቴሪያን ናቸው ቢል ግን ይሳሳታል። ጾሙ ዶሮዋን ለማዳን አልታሰበም፤ እንዲያውም የፋሲካ ዶሮ ወጥ ትርጉም የሚያገኘው ከ55 ቀን በኋላ ስለሚመጣ ነው። ማዕዱ ሥጋ አልባ ነው፤ ምክንያቱ ግን የራሱ የሆነ ሌላ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ካልያዝን የሚከተለውን ታሪክ አንረዳውም።

በዚሁ ዘመን ምክንያት ብቻ ይዘው የቆሙት የደረሰባቸው የታወቀ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጀርመን ጎስላር ከተማ ዶሮ አንገድልም ያሉ ሰዎች በመናፍቅነት ተሰቀሉ። በደቡብ ፈረንሳይ ካታር የተባለው የሃይማኖት ወገን መሪዎች ሥጋ፣ እንቁላልና አይብ የማይቀምሱ ነበሩ፤ በ1209 በጀመረው የመስቀል ጦርነትና በኋላም በምርመራ ፍርድ ቤት ጠፉ። ሶርያ ውስጥ ዓይነ ስውሩ ባለቅኔ አል ማዓሪ ሥጋን፣ ወተትን፣ እንቁላልን፣ ማርንም ሳይቀር ከእንስሳት የተቀማ ነው ብሎ ተወ። ከካይሮ የፋጢማውያን ሊቅ በደብዳቤ ሲጠይቀው ርኅራኄንም ድህነትንም ምክንያት አድርጎ መለሰ። በ1057 ሲሞት ስንኞቹ ቀሩ፤ ማዕዱን የወረሰ ሰው ግን አልነበረም።

ከመኪና ወደ ሥቃይ፦ ከ1637 እስከ 1809

ደካርት በ1637 ባሳተመው ሥራው እንስሳት ነፍስ እንደሌላቸው መኪናዎች ናቸው ብሎ ሲከራከር ጥያቄው በአውሮፓ እንደገና ተነሳ። መኪና ከሆኑ ማረድ ሰዓት እንደ መፍታት ነው፤ ካልሆኑስ? በእንግሊዝ ቶማስ ትራዮን የተባለ ባርኔጣ ሠሪ በርካሽ መጻሕፍቱ ከሥጋ የራቀ ቀላል ኑሮ ሰበከ። ከመጻሕፍቱ አንዱ በቦስተን በ16 ዓመቱ ወጣት በቤንጃሚን ፍራንክሊን እጅ ገባ። ፍራንክሊን ሥጋን ትቶ ከምግቡ ባተረፈው ገንዘብ መጽሐፍ ገዛ። ከጊዜ በኋላ ግን በመርከብ ላይ ሳለ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ አወደው፤ ትልልቆቹ ዓሦች ሲከፈቱ ትንንሾች በሆዳቸው ተገኙ፤ እርስ በርሳቸው ከተበላሉ እኔስ ለምን አልበላቸውም ብሎ ወሰነ። ምክንያታዊ ፍጡር መሆን ለፈለጉት ነገር ሁሉ ምክንያት ለማግኘት ይመቻል ሲል በራሱ ላይ ያሾፈውም በዚህ ነው። ክርክሩ ዛሬም ይሰማል፤ መልሱ ግን ቀላል ነው። ዓሣ ሌላ የሚበላው የለውም፣ የሚያደርገውንም አይመዝንም፤ ለመመዘን የሚችለው ሰው ሥነ ምግባሩን ከዓሣ የሚማርበት ምክንያት የለም።

በ1789 ጄረሚ ቤንታም ጥያቄውን ከሥሩ ቀየረው። እንስሳት ያስባሉ ወይ፣ ይናገራሉ ወይ መባሉን ትቶ ይሠቃያሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚህ በኋላ ክርክሩ ስለ ነፍስ ዓይነት መሆኑ ቀርቶ ስለ ሕመም ሆነ። ይሁን እንጂ ቤንታም ራሱ ሥጋ ይበላ ነበር፤ ያለ ሥቃይ እስከታረዱ ድረስ እንስሳትን መብላትንም ይደግፍ ነበር። የዘመኑ ትልቁ ምክንያት ከባለቤቱ ማዕድ እንኳ አልደረሰም።

ማኅበርና ወጥ ቤት፦ ከ1809 እስከ 1888

የመለወጫው ነጥብ የመጣው ከፈላስፋ ጠረጴዛ ሳይሆን ጭስ ከሞላበት የፋብሪካ ከተማ ነው። በ1809 ዊልያም ካውኸርድ የተባለ ቄስ በማንቸስተር አጠገብ ባለችው ሳልፎርድ የመሠረተው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑ ሥጋና መጠጥ እንዲተዉ አዘዘ። ሠራተኞች የሚመጡበት ደብር ስለነበር ትምህርቱ ከአትክልት ሾርባ ጋር ይታደል ነበር። ከምእመናኑ አንዷ ማርታ ብራዘርተን በ1812 ሥጋ የሌለበት ምግብ አሠራር መጽሐፍ ማሳተም ጀመረች፤ በእንግሊዝኛ በዓይነቱ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ባሏ ጆሴፍ ብራዘርተን የሳልፎርድ የመጀመሪያው የፓርላማ አባል ሆነ። በ1817 ከዚሁ ደብር 41 ሰዎች በዊልያም ሜትካፍ መሪነት ወደ ፊላደልፊያ ተሻገሩ። በመስከረም 1847 በራምስጌት ከተማ የእንግሊዝ የቬጀቴሪያን ማኅበር ሲመሠረት ስብሰባውን የመራው ብራዘርተን ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በአሜሪካ ተመሳሳይ ማኅበር ሲቋቋም ሜትካፍ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የፈላስፎች ጉዳይ የነበረው ነገር አባልነት፣ ጋዜጣና የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያለው ተቋም ሆነ።

ወጥ ቤቱን የናቁት የገጠማቸውን ለማየት በማሳቹሴትስ የነበረውን ፍሩትላንድስ መመልከት ይበቃል። በ1843 ብሮንሰን አልኮትና ወዳጆቹ ከእንስሳት የሚገኝ ማንኛውንም ነገር የማይቀምሱበት የእርሻ ማኅበር መሠረቱ፤ በበሬ ማረስም ግፍ ነው ብለው ነበር። ወንዶቹ ስለ ፍልስፍና ሲወያዩ የምግቡና የልብሱ ሸክም በአልኮት ባለቤት በአቢጌል ትከሻ ላይ ወደቀ። ሰባት ወር ያህል ቆይተው በክረምቱ ብርድ ተበተኑ። ፍሩትላንድስን ያፈረሰው የሐሳብ እጥረት አልነበረም፤ የጎደለው ማን ያበስላል የሚለው ጥያቄ መልስ ነው።

የዚያን ዘመን ትልቁ ተቃውሞ ስለ ጉልበት ነበር። ታዋቂው ኬሚስት ሊቢግ ጡንቻ የሚሠራው የራሱን ፕሮቲን እያቃጠለ ነው ብሎ ስላስተማረ ሥጋ የሌለበት ሠራተኛ አቅም አይኖረውም ተባለ። በ1865 ፊክና ቪስሊሴኑስ የተባሉ ተመራማሪዎች ፕሮቲን የሌለበት ምግብ በልተው የስዊዘርላንድን ፋውልሆርን ተራራ ወጡ፤ ሽንታቸውን ሲለኩ የተቃጠለው ፕሮቲን ለመውጣት ያስፈለገውን ጉልበት ሊሸፍን እንደማይችል ታወቀ። የጤናው ክርክር በአሜሪካ የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያንን ማዕድ አገኘ፤ ዶክተር ጆን ሃርቪ ኬሎግ በባትል ክሪክ በሚመራው የሕክምና ማዕከል ለታካሚዎቹ ከእህል የሚሠሩ ምግቦችን ፈጠረ፤ ኮርንፍሌክስም ከዚያ ወጣ።

ማዕድ ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ደግሞ ጃፓን በዚሁ ዘመን አሳየች። በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ ላም፣ ፈረስ፣ ውሻ፣ ዝንጀሮና ዶሮ እንዳይበላ ካወጀ ጀምሮ የአራት እግር እንስሳትን ሥጋ መጸየፍ ሙሉ በሙሉ ባይከበርም ለ1,200 ዓመት የአገሩ ወግ ሆኖ ቆየ። በ1872 ንጉሠ ነገሥት ሜጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው ለሕዝብ ሲነገርና መንግሥት ከምዕራባውያን ኃይል ጋር ለመስተካከል ሥጋን ሲያበረታታ ያ ሁሉ ዘመን ያቆመው ወግ በፍጥነት ተሸረሸረ። ምክንያቱ ከብዙ ሰው ልብ ርቆ ስለነበር ለመከላከል የቆመ ጥቂት ነበር።

የጋንዲ ለንደን፦ ከ1888 እስከ 1931

ምክንያትና ማዕድ በአንድ ሰው ሕይወት ሲገናኙ ለማየት ከጋንዲ የተሻለ ማስረጃ የለም። ያደገው ሥጋ በማይገባበት ቤት ነው። ነገር ግን በልጅነቱ አንድ ጓደኛው እንግሊዞች የሚገዙን ሥጋ ስለሚበሉ ነው ብሎ አሳምኖት በድብቅ የፍየል ሥጋ በልቷል፤ ያቆመውም ሥጋን ስለጠላ ሳይሆን ወላጆቹን መዋሸት ስላስጨነቀው ነው። በ1888 ሕግ ሊማር ወደ ለንደን ሲሄድ በአንድ የጃይን መነኩሴ ፊት ሥጋ፣ መጠጥና ሴት እንደማይነካ ለእናቱ ማለ። ለንደን ውስጥ መሐላው አስራበው፤ አከራዮቹ የሚቀቅሉለት አትክልት ጣዕም አልነበረውም፤ ወዳጆቹም ላልተማረች እናት የተገባ ቃል ምን ያስገድዳል እያሉ ይሞግቱት ነበር። እሱ ራሱ ያኔ አንድ ቀን ሕንዶች ሁሉ ሥጋ በሊታ እንዲሆኑ ይመኝ እንደነበር ጽፏል።

በፋሪንግደን ጎዳና ላይ የቬጀቴሪያን ምግብ ቤት ያገኘው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሳለ ነው። በመግቢያው ላይ ከሚሸጡት መጻሕፍት የሄንሪ ሶልትን ስለ ቬጀቴሪያንነት የተጻፈ ሥራ ገዛ፤ እንግሊዝ ከደረሰ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜም ጠግቦ በላ። መጽሐፉን ካነበበ በኋላ በመሐላ ታስሮ የሚጠብቀው ነገር በራሱ ፈቃድ የመረጠው ሆነለት። የሆነው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። የሕንዱ ወጣት ማዕድ ነበረው፣ ምክንያት አልነበረውም፤ የእንግሊዙ ጸሐፊ ምክንያት ነበረው፣ ማዕዱ ግን ጣዕም አልባ ቅቅል ነበር። አንዱ ለሌላው የጎደለውን ሰጠ። ጋንዲ በለንደን ማኅበር የሥራ አስፈጻሚ ውስጥ ገባ፣ በሚኖርበት ሰፈር ትንሽ ክበብ አቋቋመ፣ በ1891 በማኅበሩ ጋዜጣ ላይ ስለ ሕንድ ምግብ ጻፈ፤ በኋላ አገር ያናወጠው ሰው ስብሰባ መምራትንና ማደራጀትን የተለማመደው እዚያ ነው።

በኅዳር 1931 ለክብ ጠረጴዛ ጉባኤ ወደ ለንደን ሲመለስ ቬጀቴሪያኖቹ ጋበዙት፤ አረጋዊው ሶልትም አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ጋንዲ በንግግሩ ለጤናቸው ብለው ሥጋን የተዉ ብዙዎች ሲመለሱ ማየቱን፣ ጸንቶ ለመቆየት የሥነ ምግባር መሠረት እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለራሱ ጥቅም ሥጋን የተወ ሰው ሐኪሙ ሐሳቡን ሲለውጥ እሱም ይለውጣል፤ ስለ ሌላው ፍጡር ብሎ የተወ ግን በራሱ መታመምም ሆነ መፋፋት አይፈታም። ከጋንዲ ጋር የሚቀራረበው ቶልስቶይም በ1892 በታተመው ጽሑፉ የቱላን ቄራ በዓይኑ አይቶ ያየውን ገልጿል፤ የእሱም ክርክር ከጤና ይልቅ በጭካኔ ላይ የቆመ ነበር።

የፋብሪካው እንስሳ፦ ከ1944 እስከ 1975

በ1944 በእንግሊዝ ዶናልድ ዋትሰንና ጥቂት ጓደኞቹ ወተትና እንቁላልንም የሚተወውን የቪጋን ማኅበር መሠረቱ። የወተት ላም ወንድ ጥጃ የት ይሄዳል፣ እንቁላል የማትጥል ዶሮስ ብለው ነበር። ምክንያታቸው ንጹሕ ቢሆንም ማዕዳቸው የጎደለው ነገር ነበረው፤ ቫይታሚን ቢ12 የታወቀው በ1948 ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የእንስሳት ውጤት ፈጽሞ ያልቀመሱ አንዳንዶች በእጥረቱ ታመዋል። ይህ እስከ ዛሬ የሚነሳ ተገቢ ተቃውሞ ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ ቫይታሚኑን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ዛሬም በኪኒንና በተጨመረባቸው ምግቦች በርካሽ ይገኛል፤ ሳይወስዱ ቪጋን መሆን ግን በጤና መቀለድ ነው።

በ1964 ሩት ሃሪሰን በጠባብ ሣጥን የሚታጎሩ ጥጆችንና በሽቦ ጎጆ የሚደረደሩ ዶሮዎችን ለሕዝብ ይፋ አደረገች። የደካርት መኪና በፍልስፍና ቢሸነፍም በፋብሪካ ተሠርቶ ተገኘ። ፒተር ሲንገር በ1975 ያሳተመው ስለ እንስሳት ነጻ መውጣት የሚናገር መጽሐፍ የቤንታምን ጥያቄ ከዚህ አዲስ ማስረጃ ጋር አገናኘ፤ ከክርክሩ በኋላ የምግብ አሠራርም ጨመረበት። በ1971 ደግሞ ፍራንሲስ ሙር ላፔ፣ ሰው ሊበላው የሚችል እህል ለከብት እየተሰጠ በሌላው ዓለም ሰው መራቡን ዋና ጉዳይ አደረገች። መጽሐፏ ጥራጥሬና እህል በአንድ ማዕድ ካልተጣመሩ ፕሮቲኑ አይሟላም የሚል ምክር ነበረው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ጥንቃቄው ከሚገባው በላይ እንደነበር ራሷ አረመች። እንጀራና ሽሮን የሚያገናኘው ወጥ ቤት ያን ሳያሰላ ሲሠራበት ኖሯል።

ስለ ድሆች እህል ለተነሳው ክርክር ከኢትዮጵያ ብርቱ መልስ ይመጣል። የቦረና፣ የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር ከብቱን የሚያሰማራው እህል በማይበቅልበት መሬት ነው፤ ላሙ ሰው የማይበላውን ሣር ወደ ወተት ይለውጣል። ደጋ ያለውም ገበሬ በበሬው ያርሳል። ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ ለሚያይ ቤት፣ በተለይም ለሕፃናቱ፣ እንቁላልና ወተት የሚቀነስ ሳይሆን የሚፈለግ ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የላፔን ክርክር ግን አያፈርሰውም፣ ቦታውን ያሳያል እንጂ። ክርክሩ በእህል ለሚደለብ ከብትና ሥጋን በየቀኑ ለሚበላ ሰው የቀረበ ነው፤ በአዲስ አበባም በየሥጋ ቤቱ የዕለት ደንበኛ የሆነ ሰው ከዚህ ጥያቄ በአርብቶ አደሩ ስም ሊያመልጥ አይችልም።

የቁጥር ዘመን፦ ከ2006 እስከ ዛሬ

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2006 ባወጣው ዘገባ ሰው ከሚለቃቸው ሙቀት አማቂ ጋዞች 18 በመቶው ከእንስሳት እርባታ እንደሚመጣ ገለጸ፤ በ2013 ስሌቱን አሻሽሎ 14.5 በመቶ አደረገው። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋን ካንሰር አምጪ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መደበ። ስለዚህ የነፍስ፣ የጤና፣ የእንስሳት፣ የድሆችና የአየር ንብረት ምክንያቶች ሁሉ በአንድ ዘመን ተደራርበው የሚገኙት ዛሬ ነው። ምክንያት ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ይህ ዘመን ሥጋን የሚተውበት መሆን ነበረበት። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። ጋሉፕ በ2023 ባደረገው መጠይቅ ከአሜሪካውያን ቬጀቴሪያን ነኝ ያለው 4 በመቶ፣ ቪጋን ነኝ ያለው 1 በመቶ ነበር። በ2014 ፋውናሊቲክስ የተባለ ድርጅት ከ11,000 በላይ ጎልማሶችን ጠይቆ፣ ሥጋን ትተው ከነበሩት 84 በመቶ ያህሉ መመለሳቸውን አገኘ። የሴኔካና የፊርመስ ታሪክ በሚሊዮኖች ተባዝቶ ይታያል። በሕንድ ግን ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2021 ባሳተመው ጥናት ከጎልማሶች 39 በመቶው ቬጀቴሪያን ነን ብለዋል። ሕንዳውያን ከአሜሪካውያን የበለጠ መጽሐፍ ስላነበቡ አይደለም፤ ማዕዱን ተወልደው ስላገኙት ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሳል። ማዕድ ይህን ያህል ኃይል ካለው ምክንያቱ ምን ይሠራል? ልማድ ብቻ አይበቃም ወይ? የሕንድ ታሪክ ራሱ አይበቃም ይላል። ሥጋ አለመብላት በዚያ አገር ለረጅም ዘመን የዘር ክፍል ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ የሕንዱ ምሁር አምቤድካር የሞተ ከብት ሥጋ መብላት ሰዎችን የማይነኩ ለማለት እንዴት እንዳገለገለ ጽፏል። በ2015 በኡታር ፕራዴሽ ዳድሪ አካባቢ አንድ ሙስሊም የላም ሥጋ ቤቱ ይገኛል ተብሎ በተሰበሰበ ሰው ተደብድቦ ተገደለ። ለፍጡር ሁሉ ከማዘን የተወለደ ማዕድ ምክንያቱን ሲረሳ ሰው መግደያ ሆነ። ምክንያት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ማዕድን ሰው ወደሚያስብለት ዓላማ ይመልሰዋል፣ ከዚያም ሲወጣ ይወቅሰዋል።

ከዚህ ሁሉ ለሁለት ወገን የሚሆን ትምህርት ይወጣል። ሰው ሥጋ እንዲቀንስ የሚፈልጉ ከስብከታቸው በፊት ወጥ ቤት መክፈት ይኖርባቸዋል፤ ከሳልፎርድ ሾርባ እስከ ፋሪንግደኑ ምግብ ቤት ያሸነፉት እንዲህ ያደረጉት ናቸው። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የጾም በያይነቱ ሃይማኖቱን በማይጋሩ ቬጀቴሪያኖች ዘንድ ተፈላጊ የሆነውም፣ ምክንያት ያላቸው ሰዎች ያጡትን ያለቀለት ማዕድ ስላገኙበት ነው። ማዕዱን የወረስን ደግሞ ሌላ ዕዳ አለብን። ጾማችን ከእንስሳት መብት ጋር አንድ አይደለም፣ እንዲሆንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ግማሹን ዓመት ያለ ሥጋ በደስታ መኖር እንደሚቻል ለዘመናት ያረጋገጠ ወጥ ቤት ያለው ሕዝብ፣ በቀሪው ግማሽ ዓመት ሥጋ በየቀኑ የሚበላበትን ምክንያት ቢጠየቅ አይቻልም ብሎ መመለስ አይችልም። የሚቀርለት መልስ አልፈልግም የሚለው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ምክንያት የሚጠየቅበት መልስ ነው።